ለሠራዊቱ የሚሠራ ሁሉ ሠራዊት አይደለም

ወታደር ለመቀለብ ወታደር ያልሆነ ብዙ ሰው ይሠራል። እንጀራ የሚጋግር አለ። ውኃ የሚያመላልስ አለ። እህልና ሲሚንቶ ከመኪና የሚያወርድ፣ አጥር የሚያጥር፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ግቢ የሚጠርግ አለ። ጎንደር ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዘዞ ከካምፕ ጋር አብሮ የኖረ ሰፈር ነው፤ «ካምፕ ሥራ ገባሁ» የሚል ሰው እዚያ ጠፍቶ አያውቅም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ ሠራዊቱ ከከተማ ወጣ ብሎ በየወረዳው ሰፍሯል። ሥራውም አብሮት ተበትኗል።

እነዚህ ሰዎች የሚከፈላቸው በቀን ሒሳብ ነው። የጽሑፍ ውል የሚይዘው ጥቂቱ ነው። ፔሮል ላይ የሚፈርም አለ፤ ስሙ በካቦው ደብተር ላይ ብቻ የሚጻፍም አለ። አንዱ ሁለት ሳምንት ተሸክሞ ይሄዳል። ሌላዋ ግን አንድ ምጣድ ላይ ሦስት ዓመት ትቆያለች። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ካቦው ይመጣና «እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ ተብሏል» ይላል። «ምን አጠፋሁ ልጄ?» ብትል እሱም አያውቅም።

ቤቷ ስትገባ ጎረቤት የሚላት የታወቀ ነው። «መከላከያን ማን ይከሳል? ደግሞም የሠራተኛ ሕግ ካምፕን አይመለከትም።» የመጀመሪያው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ሁለተኛው ግን ልክ አይደለም። ብዙ ሰው መብቱን የሚተወውም ከፍርሃቱ ይልቅ ይህንን አምኖ ይመስለኛል።

ሕጉ ያወጣው ማንን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 የማይመለከታቸውን ሰዎች ይዘረዝራል። የመከላከያ ሠራዊት አባላት፣ የፖሊስ አባላት፣ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች፣ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ እንዲሁም ሌሎች በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጎረቤት የሰማው ይህንን ነው፤ የሰማው ግን ከሩቅ ነው።

አዋጁ ያወጣው ወታደሩን ነው። ወታደር ማዕረግ አለው። ዕድገቱ፣ ቅጣቱ፣ ስንብቱ፣ ጡረታው በራሱ ሕግ ተጽፎለታል። እንጀራ ጋጋሪዋ ከዚህ አንዱም የላትም። የወታደር ግቢ ውስጥ ስለጋገረች ወታደር አትሆንም። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ሁሉ የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ሕግ አላቸው። ሌላ ሕግ የሌለውን ሰው ከዚህኛው ካስወጣነው የትም አይገባም። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዲኖር ሕግ አውጪው ፈልጎ ነበር ማለት ይከብዳል።

«እሺ፣ ወታደር ካልሆነች የመንግሥት ሠራተኛ ናት» ይባል ይሆናል። መከላከያ ሚኒስቴር የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነውና። ይህኛው ክርክር ጠንከር ይላል። ክስ ሲቀርብ መጀመሪያ ሊነሳ የሚችል መቃወሚያም ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ጊዜያዊ ሠራተኛ ማን እንደሆነ ይተረጉማል። ወዲያው ደግሞ ጊዜያዊ ሠራተኛ የማይባሉትን ይለያል። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ በቀን ሒሳብ እየተከፈለው የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 515/1999ም እንዲሁ ይል ነበር። እንግዲህ በመንግሥት ሠራተኛ ሕግ በኩል ያለው በር ለቀን ሠራተኛው ራሱ ሕጉ ዘግቶታል። ያ በር ከተዘጋ ደግሞ «በልዩ ሕግ ትተዳደራለች» የሚለው መቃወሚያ መቆሚያ ያጣል። ሴትየዋ ተመልሳ የምትገባው ጠቅላላው ሕግ ውስጥ ነው፤ እሱም 1156 ነው። በ2017 ዓ.ም. አዲስ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለጸደቀ፣ ከዚያ ወዲህ ለተነሳ ጉዳይ የአዲሱን የትርጉም ክፍል ከፍቶ ማስተያየት የጠበቃው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

መከላከያ ውስጥ በደብዳቤ ተቀጥረው ቋሚ መደብ ላይ ያሉ ሲቪል ሠራተኞችም አሉ። የእነሱ ነገር ሌላ ነው። እዚህ የምናወራው ደብዳቤ ስለሌለው ሰው ነው።

ማን ነው የቀጠረሽ?

የሠራሽለት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ሠራዊቱ ነው። የቀጠረሽስ? ይህኛው ይከብዳል። ክሱን የሚያቆመውም የሚጥለውም ግን እሱ ነው።

በአዋጁ የሥራ ውል የሚባለው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ሥር ሆኖ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ ነው። ስምምነቱ በአፍ ቢሆንም ይሠራል። ስለዚህ መታየት ያለበት ማን ያዝዛታል፣ ማን ይከፍላታል፣ ማን ያሰናብታታል የሚለው ነው።

ግቢው ራሱ በሎጂስቲክስ ሰዎቹ በኩል ቀጥሮ ራሱ የሚከፍል ከሆነ አሠሪው ግቢው የሚወክለው መሥሪያ ቤት ነው። የመከላከያ ኮንስትራክሽን ኢንተርፕራይዝን የመሰለ ድርጅት ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ስሙ ላይ መከላከያ ቢኖርም የመንግሥት የልማት ድርጅት ነው፤ ሠራተኞቹ በ1156 ይተዳደራሉ። የግል ኮንትራክተር ወይም ኤጀንሲ ጨረታ አሸንፎ ሰው የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ አሠሪው እሱ ነው። «እኔ ሰው አቀራቢ ብቻ ነኝ» ቢል አያመልጥም፤ ሠራተኛ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት የሚያቀርብ ኤጀንሲ የሥራ ውሉን የሚገባው ራሱ እንደሆነ አዋጁ ያስቀምጣል።

ካቦው መሀል ላይ ያለ ሰው ነው። አንዳንዴ እሱም የቀን ሠራተኛ ነው፤ የሚለየው እስክሪብቶ በመያዙ ብቻ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሥራውን በጅምላ ተዋውሎ የራሱን ሰዎች ያስገባል። ደብተሩ የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የምትሆነው በቤቷ ሆና የወታደር ልብስ በቁጥር የምታጥብ፣ ወይም በር ላይ ሻይ የምታፈላ ሴት ናት። በራሷ ኪሳራና ትርፍ የምትሠራ ናትና የሠራተኛ ሕግ አይደርስላትም። ያልተከፈላት ሒሳብ ካለ በተራ የገንዘብ ክስ ትጠይቃለች።

የቀን ሒሳብ ማለት የቀን ውል ማለት አይደለም

በቀን መከፈል የአከፋፈል ጉዳይ ነው። ውሉ ለስንት ጊዜ ነው የሚለውን አይወስንም። የአዋጁ አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው በአንቀጽ 10 ለተዘረዘሩት ነው። የተለየ ቁራጭ ሥራ፣ ታሞ የቀረን ሰው መተካት፣ ድንገት የበዛ ሥራ፣ አደጋ ለመከላከል የሚሠራ አስቸኳይ ሥራ፣ የወቅት ሥራ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ሥራ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ናቸው።

መተማ ወርዶ ሰሊጥ የሚያጭደው ሳሉግ የወቅት ሠራተኛ ነው፤ ሰሊጡ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። አጥር ለማጠር የገባም እንዲሁ ነው። ካምፕ ውስጥ እንጀራ መጋገርስ? ወታደር በየቀኑ ይበላል። በጾምም በፍስክም ይበላል። ሥራው አይቋረጥም፤ የሚቋረጠው ሰው ነው። ሦስት ዓመት የጋገረችን ሴት «ጊዜያዊ ናት» ማለት ከባድ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም የሥራውን ባሕርይ አይቶ ነው የሚወስነው፤ ውሉ ላይ «ጊዜያዊ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን አይበቃም።

ይህ ከሆነ ቁጥሩ ምን ይመስላል? በቀን 400 ብር ታገኝ ነበር እንበል። ሕገ ወጥ ስንብት ነው ተብሎ ቢወሰን፣ የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ 12,000 ብር። ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ለእያንዳንዳቸው የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ በድምሩ 20,000 ብር። ወደ ሥራ ካልተመለሰች ካሳው የቀን ደመወዟ 180 ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ 72,000 ብር። ከአንድ ዓመት በላይ ስላገለገለች የማስጠንቀቂያ ጊዜዋ ሁለት ወር ነው፤ እሱም በገንዘብ ይሰላል። ሁሉም ሲደመር ከ110 ሺህ ብር ያልፋል። «ለቀን ሠራተኛ ምን አለው» ለሚል ሰው ይህ ትንሽ ብር አይደለም።

የትርፍ ሰዓቱም አለ። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ የቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው አንድ ነጥብ ሰባ አምስት እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ ይከፈላል። የጥምቀት ዕለት ከተማው ሁሉ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ ወጥ ቤቱ አይዘጋም። በሕዝብ በዓል ለሠሩበት ሰዓት ከሁለት እጥፍ ያላነሰ ይከፈላል። ሲሠራበት ያየሁት ግን እምብዛም ነው።

ጉዳት ሲደርስም ሕጉ ግልጽ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። አሠሪው ባቀረበው መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ አደጋም የሥራ ላይ አደጋ ነው። ጫኞችን በኦራል ላይ አሳፍሮ ወደ ገጠር መውሰድ የተለመደ ስለሆነ ይህች አንቀጽ ለካምፕ ሠራተኛ ከሌላው ይልቅ ትጠቅማለች። ለጊዜው ከሥራ የዋለ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

ፈቅዶ ያልገባ ሰው ካለ ደግሞ ጥያቄው የደመወዝ ብቻ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በኃይል ተገዶ ሥራ እንዲሠራ ማድረግን ይከለክላል።

ወረቀቱ

አሠሪ የጽሑፍ ውል ካልሰጠ ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለበት። አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ማስረጃው ግን ከሠራተኛው ይጠበቃል፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ነው።

ሌላ ቦታ የሚሠራ ሰው ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ፎቶ ይነሳል። ካምፕ ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይሞከርም። ሌላው ሠራተኛ መታወቂያ ባጅ ይኖረዋል። እዚህ ያለው የበር መዝገብ ነው፤ ዘበኛው ጠዋት ስም ይጽፋል፣ ማታ ይሰርዛል። ጥሩ ማስረጃ ነበር፣ ግን መዝገቡ ያለው በተከሳሹ እጅ ነው። ፍርድ ቤቱ እንዲያቀርብ ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ክሱ ሲጻፍ ትእዛዙ እንዲሰጥ አብሮ መጠየቅ ነው። ደመወዝ በቴሌብር ወይም በባንክ ገብቶ ከሆነ የገባበት መልእክትና ስቴትመንት ከምንም ይበልጣል። ከዚያ የሚቀረው የሰው ምስክር ነው። ምስክሮቹ ግን አሁንም እዚያው ይሠራሉ። ማን አፉን ይከፍታል? ከዚህ በፊት ሥራ የለቀቁትን ፈልጎ ማግኘት ይሻላል።

ሌላም አለ፤ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ። በዚህ ጊዜ የካምፕ ማኅተም ያለበት ወረቀት ኪስ ውስጥ ይዞ መንገድ መውጣት የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። አንድ ኬላ ላይ የሚያሳልፍ ወረቀት ሌላ ቦታ ላይ ያስጠረጥራል። ስለዚህ ሠራተኛው ራሱ «ስሜ ባይጻፍ ይሻለኛል» የሚልበት ጊዜ አለ። አሠሪውም ደስ ይለዋል። በእኔ ግምት መውጫው ውሉ በከተማው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዲመዘገብና ቅጂው እዚያ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ሠራተኛው ምንም ይዞ አይዞርም። ሲያስፈልገው ሄዶ ያወጣል። ብዙ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ሽማግሌ ሲቀመጥ ጊዜው ይሄዳል

እኛ ጋ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚላከው ሽማግሌ ነው። ካምፕ ከሆነ ደግሞ አዛዡን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። «ትንሽ ታገሺ፣ ይነጋገራሉ» ይባላል። ባህሉ መልካም ነው፤ የሕጉ ሰዓት ግን አይቆምም።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ከተሰናበቱ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ስድስት ወር አለው። ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ ሌላ ክፍያም ስድስት ወር ነው። ሁለት ዙር ሽምግልና ከሦስት ወር ሊያልፍ ይችላል። ይርጋውን፣ ማለትም ይህንን የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ፣ የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቅረብ፣ ወይም አሠሪው መብቱን በግልጽ ማመኑ ነው። እናም ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ግን ለከተማው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ገብቶ በቀሪው ላይ የተቀበሉበት ማኅተም ይመታ። አዛዡም «እንከፍላለን» ካሉ በጽሑፍ ይሁን።

መመለስን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አላደርግም። አዋጁ ሠራተኛው ቢፈልግም እንኳ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ያመጣል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ በካሳ እንዲለያዩ ማድረግ ይችላል። «የጸጥታ ጉዳይ ነው» የሚል ግቢ ውስጥ ዳኛው ወደዚያ ማዘንበሉ አይቀርም። ግን ጸጥታ ሰውየው በር እንዳይገባ ምክንያት ቢሆን እንኳ የሠራበትን ላለመክፈል ምክንያት አይሆንም። ሒሳቡ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ነበረበት። ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ሕንድ ውስጥ በጃሙና ካሽሚር ተራራዎች ለሠራዊቱ ስንቅና ጥይት የሚሸከሙ ሰዎች ለዓመታት በጊዜያዊነት ሲሠሩ ኖረው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰዋል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ለእነሱ የሚሆን ሥርዓት እንዲያዘጋጅ አዟል፤ ሕክምና፣ የጉዳት ካሳና የስንብት ክፍያ ያካተተ ነው። እዚያም መጀመሪያ የተባሉት «ጊዜያዊ ናችሁ» ነበር።

የት ይከሰሳል?

ተከሳሹ የግል ኮንትራክተር ወይም ኤጀንሲ ከሆነ ጎንደር ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ያየዋል። ተከሳሹ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲሆን ግን የሥልጣን መቃወሚያ ሊነሳ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በውክልና ስለሰጠ፣ ክርክሩ እዚያው ጎንደር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል እንጂ አዲስ አበባ ድረስ አያስኬድም። ይህንን ከመክሰስ በፊት ማጣራት ነው፤ የተሳሳተ ችሎት የሦስት ወሩን ጊዜ ይበላል።

ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን አዋጁ ያዛል፤ ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌለው ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት አለው፤ ክስ ያጽፉለታል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ላይ ጽሕፈት ቤት አላቸው፤ አቤቱታ ይቀበላሉ፣ ግን ካሳ አይፈርዱም።

አሠሪው ማን እንደሆነ ካልለየ ደግሞ አንዱን መርጦ መወራረድ አያስፈልግም። ግቢውንም ኮንትራክተሩንም በአንድ ክስ ላይ መጥራት ይቻላል። አንዱ «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» ሲል ጨረታው፣ የክፍያ ሰነዱና የካቦው ደብተር ችሎት ፊት ይመጣሉ።